ለቦርድ ከመወዳደርሽ በፊት ወንበሩ የማን እንደሆነ ጠይቂ

አንዲት እህታችን ጥያቄ አቅርባለች። ብራሰልስ ባለው የአንድ አውሮፓዊ ክልል ቢሮ ውስጥ ትሠራለች። ክልሉ አባል የሆነበት የምርምርና የኢኖቬሽን ኔትወርክ በቅርቡ የቦርድ አባላትን ይመርጣል። አለቃዋ «አንቺ ተወዳደሪ» ብላታለች። እሷ ግን አመንትታለች። «ልግባበት ወይስ ይቅርብኝ? ትንንሾቹ ክልሎች ሁልጊዜ የሚሸነፉት ለምንድን ነው? የቤልጅየም ዜግነት የለኝም፤ ይህስ ያሰናክለኛል?» ነው ጥያቄዋ።

እህቴ፣ እኔ እንዲህ ባለ ኔትወርክ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ለዓመታት ሠርቻለሁ። የዕጩዎች ጥሪ መላክ፣ ድምፅ መቁጠር፣ ከምርጫው በኋላ ወረቀት ይዞ መሯሯጥ የኔ ሥራ ነበር። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

ግቢበት። ግን ከመግባትሽ በፊት አንድ ነገር አጣሪ። ብትመረጪ ወንበሩ ያንቺ ነው ወይስ የክልሉ? ካየኋቸው የቦርድ ጭቅጭቆች አብዛኞቹ የተነሡት ይህ ቀድሞ ስላልተወሰነ ነው።

ነገሩን ለማያውቁት ባጭሩ ላስረዳ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። የአውሮፓ ክልሎች ከአገራቸው ኤምባሲ ሌላ ብራሰልስ ላይ የራሳቸውን ቢሮ ይከፍታሉ። የጀርመኖቹ ሃምቡርግና ዛርላንድ በ1985 ከጀመሩት ቀዳሚዎች መካከል ናቸው። ዛሬ የክልልና የከተማ ቢሮዎቹ ከ300 በላይ ሆነዋል። የአውሮፓ ኅብረት ምን ሊያወጣ እንደሆነ ቀድመው ይሰማሉ። ለዩኒቨርሲቲዎቻቸውና ለድርጅቶቻቸው የፕሮጀክት አጋር ይፈልጋሉ። ብቻቸውን ስለማይችሉት በኔትወርክ ይሰባሰባሉ። በምርምርና በኢኖቬሽን በኩል በጣም የታወቀው በ2001 የተመሠረተው ኤሪን ነው። ከመቶ በላይ አባላት አሉት፤ ቦርዱንም የሚመርጠው የአባላቱ ጠቅላላ ጉባኤ ነው። ሌሎቹም ኔትወርኮች አሠራራቸው ከዚህ ብዙም አይርቅም።

የዕለት ተዕለቱን ሥራ ጽሕፈት ቤቱና የሥራ ቡድኖቹ ይሠሩታል። ቦርዱ በጀት ያያል፣ ዳይሬክተር ይቀጥራል፣ የአባልነት መዋጮ እንዲጨምር ወይም እንዳይጨምር ሐሳብ ያቀርባል። ከሁሉም የሚበልጠው ግን ኔትወርኩ በአባላቱ ስም ምን ይበል የሚለውን መወሰን ነው። አሁን ደግሞ ጊዜው ከባድ ነው። ሆራይዘን አውሮፓ የሚባለው የምርምር ፕሮግራም ከ2021 እስከ 2027 ድረስ የሚሄድ ሲሆን መጀመሪያ 95.5 ቢሊዮን ዩሮ ተመድቦለት ነበር። የአውሮፓ ኮሚሽን በሐምሌ 2025 ባቀረበው ሐሳብ ለቀጣዩ ከ2028 እስከ 2034 ላለው ዘመን 175 ቢሊዮን ጠይቋል። ደስ ይላል። ነገር ግን በዚያው ሐሳብ ውስጥ ለክልሎች ልማት ይሄድ የነበረው ገንዘብ ከሌሎች ፈንዶች ጋር ተቀላቅሎ በየአገሩ በአንድ ዕቅድ እንዲመራ ተብሏል። ክልሎች የፈሩት ይህን ነው፤ ገንዘቡን ዋና ከተማው ጠቅልሎ ይይዘዋል ብለው። እንዲህ ባለ ጊዜ ቦርድ ላይ የተቀመጡት ሰዎች ማንነት በጣም ለውጥ ያመጣል።

ወደ ወንበሩ ልመለስ። ብራሰልስ ውስጥ የክልል ቢሮ ሠራተኛ ቶሎ ቶሎ ይቀያየራል። ኮንትራቱ ያልቃል፣ ወደ አገሩ ይጠራል፣ ወይም ኮሚሽኑ ውስጥ ሥራ ያገኛል። ክልሉ ላይ ምርጫ ተደርጎ አዲስ አስተዳደር ሲመጣ ደግሞ ቢሮው ራሱ ሊታጠፍ ይችላል። የቦርድ የሥራ ዘመን ግን ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ነው። ሁለቱ አይገጣጠሙም።

አንድ ያየሁትን ልንገርሽ። አንዲት ጎበዝ ባልደረባ በከፍተኛ ድምፅ ተመረጠች። ሁሉም ያውቃታል፤ የሥራ ቡድን መርታለች፣ ሰው ትረዳለች። ጥቂት ወራት እንደሠራች የክልሏ አዲስ አስተዳደር ወደ አገር ቤት መለሳት። በቦታዋ አንድም ስብሰባ ላይ ታይቶ የማያውቅ ሰው ላኩ። አባላቱ «እኛ የመረጥነው እሷን ነው» አሉ። ክልሉ «መዋጮ የምንከፍለው እኛ፣ ወንበሩም የኛ» አለ። መተዳደሪያ ደንቡ ሲገለጥ ስለዚህ ነገር አንድም ቃል የለውም። የበጀት ውይይት ሊደረግበት የነበረው ስብሰባ በዚሁ አለቀ። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ወገኖች እንደ ድሮው አልሆኑም። ሁለቱም እውነት ነበራቸው። ጥፋቱ የደንቡ ነበር።

የቤልጅየም ሕግ በአንድ በኩል ይረዳል። በ2019 ሥራ ላይ በዋለው የኩባንያዎችና የማኅበራት ሕግ መሠረት የቦርድ አባል የሆነው ድርጅቱ ራሱ ከሆነ፣ ቋሚ ተወካዩን በስም ማሳወቅ አለበት። ተወካዩን ማንሣት ይችላል፤ ተተኪውን ግን እዚያው መሰየም ግዴታው ነው። እንዲህ ከሆነ ወንበሩ የድርጅቱ ነው፣ ሰውን መቀየርም መብቱ ነው። የተመረጠው ሰው በራሱ ስም ከሆነ ግን አለቃው ሌላ ሰው ሊተካበት አይችልም። ስለዚህ የዕጩነት ቅጹ ላይ የማን ስም እንደሚገባ እይ። ቢሮሽም በሕግ ራሱን የቻለ ድርጅት መሆን አለመሆኑን ጠይቂ። አንዳንዱ ቤልጅየም ውስጥ የተመዘገበ ማኅበር ነው። አንዳንዱ ደግሞ የክልሉ መንግሥት አንድ ክፍል ብቻ ነው፤ ለብቻው ምንም መፈረም አይችልም።

የኔን ሐሳብ ካልሽ፣ ወንበሩ መሆን ያለበት የተመረጠው ሰው የራሱ ነው። አባላት ድምፅ የሚሰጡት ሥራውን ላዩት ሰው ነው። ወንበሩ የክልሉ ሲሆን ስመ ጥሩ ክልል ሰው እየቀያየረ ለዘለዓለም ይቀመጥበታል። ይሁንና ሰውዬው ከክልሉ ሲለቅ ወንበሩንም መልቀቅ አለበት። ነገ የአማካሪ ድርጅት ሠራተኛ ሆኖ ቦርድ ላይ ቢቀር የጥቅም ግጭት ይመጣል። የተለቀቀው ወንበር በድምፅ ብዛት ለቀጣዩ ተወዳዳሪ ይሰጥ፤ ቀጣይ ከሌለ ጉባኤው ይሙላው። ይህ በሁለት አረፍተ ነገር ደንቡ ውስጥ ይገባል። ሳይቃጠል በቅጠል ነው።

ሁለተኛው ጥያቄሽ ትንንሾቹ ለምን ይሸነፋሉ የሚል ነው። ብዙ ሰው የዝና ጉዳይ ይመስለዋል። ዝናም አለበት፤ ግን ዋናው የድምፅ አሰጣጡ ነው። በቁጥር እንየው። ኔትወርኩ 100 አባላት አሉት እንበል። ቦርዱ 9 ወንበር አለው፣ እያንዳንዱ አባልም 9 ሰው ይመርጣል። ከመቶው 55ቱ ተነጋግረው እነዚያኑ 9 ስሞች ቢጽፉ 9ኙም ያልፋሉ፤ እያንዳንዳቸው 55 ድምፅ ያገኛሉና። የቀሩት 45ቱ ምንም ቢተባበሩ አንድ ወንበር አያገኙም። ማንም አላጭበረበረም። ቆጠራው ንጹሕ ነው። ግማሽ ሊሆን ጥቂት የቀረው አባል ግን ቦርዱ ላይ ድምፅ የለውም።

መፍትሔው በቅደም ተከተል መምረጥ ነው። አየርላንድና ማልታ ፓርላማቸውን የሚመርጡት በዚህ ነው። መራጩ አንድ ድምፅ ብቻ አለው፤ የሚፈልጋቸውን 1፣ 2፣ 3 ብሎ ይደረድራቸዋል። አንደኛው ከበቂ በላይ ካገኘ ወይም ከወደቀ ድምፁ ወደ ሁለተኛው ይተላለፋል። በዚያው ምሳሌያችን 11 ድምፅ ያገኘ ያልፋል፤ መቶው ድምፅ ለአሥር ሰው አሥራ አንድ አሥራ አንድ ሆኖ አይዳረስምና። ስለዚህ 55ቱ 5 ወንበር፣ 45ቱ ደግሞ 4 ወንበር ያገኛሉ። «ቆጠራው ይከብዳል» ይሉሻል። ለመቶ መራጭ በኮምፒውተር የአንድ አፍታ ሥራ ነው። ደንቡን ለመቀየር ጊዜ ከሌለ ቢያንስ «ከአንድ አገር ከሁለት ሰው በላይ አይገባም» የሚል አንቀጽ ይኑር።

ከድምፅ አሰጣጡ ሌላ የጊዜ እጥረት አለ። የጀርመን ክልሎች የራሳቸው ፓርላማ ያላቸው ናቸው፤ ብራሰልስ ያለው ቢሯቸውም ሰፋ ያለ ነው። በዋናው የፖርቱጋል ምድር ግን በሕዝብ የተመረጠ የክልል ፓርላማ የለም፤ ሥራውን የሚሠሩት የልማት አስተባባሪ ኮሚሽኖች ናቸው። በጉባኤው ግን ሁሉም «ክልል» ተብለው ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ብራሰልስ ላይ አንድ ሠራተኛ ብቻ ያለው ክልል ለቦርድ የሚሰጠው ሰዓት ከየት ያመጣል? ብዙ ጥሩ ሰዎች በዚህ ብቻ ሳይወዳደሩ ይቀራሉ። ቦርዱ ስብሰባውን በኦንላይን ቢያደርግና ሰነዶችን ከሳምንት በፊት ቢልክ ብዙዎቹ ይመጣሉ።

አንዳንዶች በአውሮፓ የክልሎች የኢኖቬሽን ደረጃ መሠረት ወንበር ይከፋፈል ይላሉ። ደረጃው ክልሎችን ከመሪ እስከ ጀማሪ በአራት ይመድባል። ሐሳቡ ከቀና ልብ የመጣ ነው፣ ግን አልወደውም። ደረጃው በየጊዜው ይለዋወጣል። ሰውንም «የጀማሪዎች ተወካይ» ብሎ ማስቀመጥ ክብሩን ዝቅ ያደርገዋል። የስጋቱ ምክንያት ግን እውነት ነው። ቦርዱን መሪዎቹ ብቻ ሲሞሉት የሚመረጡት የሥራ ርዕሶች ትልቅ ላቦራቶሪ ላላቸው የሚመቹ ይሆናሉ። የገጠር ክልል ጥያቄ አጀንዳው ጫፍ ላይ ይቀራል፤ ሰዓቱም ያልቃል።

ስለ ቅስቀሳ ደግሞ፦ እኛ ዕድር ላይ ያደግን ሰዎች ሌላው እስኪጠቁመን እንጠብቃለን። «እኔን ምረጡኝ» ማለት ነውር ይመስለናል። እዚህ ግን ካልተናገርሽ አልፈለግሽም ማለት ነው። አንድ ገጽ ጻፊ። ለኔትወርኩ የሠራሽውን፣ በወር ስንት ሰዓት እንደምትሰጪ፣ ቦርድ ላይ የምትከራከሪለትን አንድ ጉዳይ አስቀምጪ። «ትብብርን አጠናክራለሁ» የሚል ዓረፍተ ነገር አትጻፊ፤ ሁሉም ዕጩ ይጽፈዋል። ከዚያ ሰዎቹን በአካል አግኚ። የአውሮፓ ኅብረት መሥሪያ ቤቶች ባሉበት በሹማን አካባቢ ቢሮው ሁሉ የእግር መንገድ ነው፤ ቡና ጋብዢ።

ሰው የሚመርጥሽ ግን በዋናነት በችግሩ ቀን በደረስሽለት ነው። የሆራይዘን የትብብር ፕሮጀክት ቢያንስ ከሦስት የተለያዩ አገሮች ሦስት ተቋማት ይፈልጋል። ማመልከቻው ሊዘጋ ሲል አንድ አጋር የጎደለው ባልደረባ ኢሜይል ሲልክ፣ በዚያው ቀን «ዩኒቨርሲቲያችንን ጠይቄ እነግርሃለሁ» ብሎ የመለሰን ሰው አይረሳም። ይህን ትንሽ ክልልም ይችለዋል። በድምፅ ቆጠራ ላይ በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ ከማይታወቅ ክልል መጥታ ከትልልቆቹ በላይ ድምፅ ያገኘች ሰው ነበረች።

ከአለቃሽ ጋር ተነጋገሪና የሚከተለውን በጽሑፍ አግኚ። ለቦርዱ የሚሆን ሰዓት እንደሚሰጥሽ፣ እስከ ሥራ ዘመኑ መጨረሻ ክልሉ እንደማያነሣሽ ወይም ካነሣሽ ምን እንደሚሆን፣ ክልሉና ኔትወርኩ የተለያየ አቋም ሲይዙ አንቺ በየትኛው ድምፅ እንደምትናገሪ። የመጨረሻው በጣም ያስቸግራል። ቦርድ ላይ ስትቀመጪ በሕግ የምትሠሪው ለማኅበሩ ጥቅም ነው። አለቃሽ ይህን ዛሬ ካልተረዳች ነገ «ለምን ለኛ አልተከራከርሽም?» ትልሻለች። በቃል ብቻ «አይዞሽ» ከተባልሽ ጠንቀቅ በይ።

ዜግነትን በተመለከተ አትጨነቂ። የቤልጅየም ሕግ ለማኅበር ቦርድ አባልነት የቤልጅየም ዜግነት አይጠይቅም። የመኖሪያ ፈቃድሽ ከቀጣሪሽ ጋር የተያያዘ ከሆነ ግን ያለ ክፍያ የሚሠራ የቦርድ ኃላፊነት እንደምትይዢ ቀድመሽ ለሚያውቅ የሕግ ሰው አሳውቂ።

ከተመረጥሽ በኋላ ወረቀት አለ። ስምሽ በቤልጅየም ይፋዊ ጋዜጣ ላይ ይወጣል። ድርጅትን ወይም ማኅበርን በእርግጥ የሚመሩት ሰዎች በሚጻፉበት የእውነተኛ ባለቤቶች መዝገብ ላይም ለውጡ በአንድ ወር ውስጥ መመዝገብ አለበት። ይህ ሲዘገይ ባንኩ የአዲሱን ቦርድ ፊርማ አይቀበልም፤ የሠራተኛ ደመወዝ ሊጓተት ይችላል። ስለዚህ ጽሕፈት ቤቱ የመታወቂያ ቅጂ ሲጠይቅሽ በዚያው ቀን ላኪ። ጋዜጣው ላይ የሚወጣ አድራሻ ሲጠይቁሽ ደግሞ የቤትሽን አትስጪ። ሕጉ የቦርድ አባል የማኅበሩን ዋና ቢሮ አድራሻ አድርጎ እንዲመዘገብ ይፈቅዳል፤ ቅጹ ላይ ይህንኑ እንዲሞሉልሽ ንገሪያቸው።