ባለቤቴ ፊልሙን አጥፍቶ ከወጣ ወዲህ ከልጁ ጋር አይነጋገርም

ጥያቄ፦ "ባለቤቴ ከመጋባታችን በፊት ለዓመታት ወታደር ነበር። ጦርነት ውስጥ ገብቷል። ስለዚያ ጊዜ የሚያወራው ግን የሚያስቀውን ብቻ ነው። ጫማው የተሰረቀበትን ጓደኛውን፣ ምግብ ሁልጊዜ የሚያሳርረውን ወጥ ቤት። የ17 ዓመት ልጃችን ደግሞ ፊልም ነፍሱ ነው። ባለፈው ወር አንድ ማታ ሦስታችንም ተቀምጠን 'ካዡዋልቲስ ኦፍ ዎር' የሚባለውን ፊልም ከፈተ። ወታደሮቹ ልጅቷን ከቤቷ ጎትተው ሲወስዱ ባለቤቴ ተነስቶ ቴሌቪዥኑን አጠፋው። 'ይሄ ውሸት ነው! ወታደርን ለማዋረድ የተሠራ ነው!' ብሎ ጮኸ። እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሳሎን ነው የሚተኛው። ከልጁ ጋር ከሰላምታ ያለፈ ቃል የለም። ልጄ 'እማዬ፣ አባዬ እንዲህ አድርጎ ያውቃል እንዴ?' ብሎ ጠየቀኝ። 'አፍህን ዝጋ' አልኩት። ሌሊት ሌሊት ግን እኔም የማስበው ያንኑ ነው። ጥፋተኛ ባይሆን ለምን እንደዚያ ይሆናል? ልጠይቀው ወይስ ልተወው? እንዲህ ያሉ ፊልሞችንስ ከቤቴ ላግድ?"

መልስ፦ እህቴ፣ ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልነሳ፤ ቀላሉ እሱ ነው። ፊልሞቹን አታግጂ። የ17 ዓመት ልጅ ሳሎን የተከለከለውን ክፍሉ ገብቶ በስልኩ ያየዋል። ያኔ አብሮት የሚያወራው ሰው እንኳ አይኖርም። አባቱ ባለበት ድንገት እንዳይከፍት ብቻ ተስማሙ።

ከባዱ የመጀመሪያው ነው። "ጥፋተኛ ባይሆን ለምን እንደዚያ ይሆናል?" ብለሻል። የእጁ መንቀጥቀጥ ምንም አያረጋግጥም። ሰው ያደረገውን አስታውሶ ይንቀጠቀጣል። ሌላው ሲያደርግ አይቶ ዝም ያለም ይንቀጠቀጣል። ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ መንደሩ ደርሶ የተረፈውን ያየም እንደዚያው። አጠገቡ የወደቁ ጓደኞቹ ስም የተነካበት የመሰለው ደግሞ በንዴት ይንቀጠቀጣል። አራቱን ሰዎች አንድ ሶፋ ላይ ብታስቀምጫቸው በእጃቸው አትለያቸውም። እኔም አልለያቸውም። በሌላ በኩል ጩኸቱ የንጽህና ማስረጃም አይሆንም። እስካሁን በእጅሽ ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ፊልሙ ውስጥ የሆነ ነገር ነክቶታል።

የእኛም ሙያ ይህን ለመረዳት ጊዜ ወስዶበታል። እ.ኤ.አ. በ1980 የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ከአደጋ በኋላ የሚመጣውን የጭንቀት ሕመም በመመሪያቸው ውስጥ አስገቡ። ያኔ ትኩረቱ በአብዛኛው ሰው የሞት አደጋ ሲደርስበት በሚሰማው ፍርሃት ላይ ነበር። የቬትናም ዘማቾችን ያክም የነበረው ጆናታን ሼይ ግን በ1994 ባወጣው መጽሐፍ ሌላ ነገር አሳየ። ታካሚዎቹን እንቅልፍ የነሳቸው "ልሞት ነበር" የሚለው ብቻ አልነበረም። ትክክል ነው ብለው ያመኑበት ነገር ዓይናቸው እያየ ሲረገጥ፣ ያውም በአዛዦቻቸው ሲረገጥ፣ ውስጣቸው ተሰብሯል። በ2009 ደግሞ ብሬት ሊትዝና ባልደረቦቹ ነገሩን ዘርዘር አድርገው ጻፉት። ከኅሊና ጋር የሚጋጭ ነገር ማድረግ፣ ማስቆም አለመቻል፣ ማየት፤ ሦስቱም ያቆስላሉ። ዛሬ የኅሊና ቁስል እንለዋለን። ቁስሉ ያለበት ሰው ሁሉ ወንጀለኛ ነው ማለት አይደለም። ሁሉም ንጹህ ነው ማለትም አይደለም።

በመካከል ያለውን ሰው በደንብ ያሳየ አንድ ፊልም አውቃለሁ። እስራኤላዊው አሪ ፎልማን በ2008 ያወጣው "ዎልትዝ ዊዝ ባሺር" የሚባለው በሥዕል የተሠራ ፊልም ነው። ፎልማን በ1982 በሊባኖስ ጦርነት ወታደር ነበር። ከብዙ ዓመታት በኋላ ስለዚያ ጊዜ ምንም እንደማያስታውስ ይገባዋል። የድሮ ጓዶቹን እየዞረ ይጠይቃል። መጨረሻ ላይ የሚያገኘው ይህን ነው፦ በሳብራና ሻቲላ የስደተኞች መጠለያዎች ሚሊሻዎች ሰላማዊ ሰዎችን ሲጨፈጭፉ እሱ ሰማዩን የሚያበራ ተኩስ ከሚተኩሱት ወታደሮች አንዱ ነበር። እሱ አልገደለም። የገዳዮቹን ሌሊት ግን አብርቷል። እስቲ ይህን ሰው "አድርገሃል ወይስ አላደረግክም?" ብለሽ ጠይቂው። ምን ብሎ ይመልስልሻል?

"ውሸት ነው" ስላለውም ላንሳ። ታሪኩ ውሸት አይደለም። በ1966 ቬትናም ውስጥ ለቅኝት የወጡ አምስት የአሜሪካ ወታደሮች አንዲት ወጣት ከመንደሯ ጠልፈው ወሰዱ። አራቱ ደፈሯት፤ ተገደለችም። አምስተኛው አልተባበርም አለ፣ ሲመለስም አጋለጣቸው። ጉዳዩ ጦር ፍርድ ቤት ደርሷል። ዳንኤል ላንግ የተባለ ጋዜጠኛ በ1969 ጻፈው፣ ብራያን ደ ፓልማ በ1989 ፊልም አደረገው። ይህን የምነግርሽ አንቺ እንድታውቂው ነው። ባልሽ ፊት ይዘሽ እንድትቀርቢ አይደለም! አደራ፣ "ኢንተርኔት ላይ አይቻለሁ፣ እውነት ነው" ብለሽ እንዳትጀምሪ። ያኔ ክርክሩ ስለ ፊልሙ ይሆናል፤ እሱም የሚፈልገው እሱን ነው። ስለ ፊልም መከራከር ስለ ራስ ከመናገር ይቀላል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ እኔን ያሳሰበኝ ልጅሽ ሳያውቀው አባቱን የጠየቀው ጥያቄ ነው። እንዲህ ያሉ ፊልሞች አብዛኛውን ጊዜ መሐላቸው አንድ ደግ ወታደር አለ። እምቢ የሚለው፣ የሚያለቅሰው፣ የሚመሰክረው። ዝነኛው ተዋናይ እሱን ሆኖ ይጫወታል። ካሜራው ከእሱ አይለይም። ሶፋ ላይ የተቀመጥን ሁላችን ደግሞ "እኔም ብሆን እንደ እሱ ነበር የማደርገው" እንላለን። ማን ይከለክለናል? አልነበርንም። የነበረ ሰው ግን የሚያውቀው ነገር አለ። እምቢ የሚለው አንድ ነው፤ ዝም የሚለው ብዙ ነው።

እምቢ ያለውም ቢሆን በቀላሉ አልወጣውም። መጋቢት 1968 ሚ ላይ በተባለው የቬትናም መንደር የአሜሪካ ወታደሮች ሴቶችን፣ ሕፃናትንና ሽማግሌዎችን ሲፈጁ ሂዩ ቶምፕሰን የተባለ አብራሪ ሄሊኮፕተሩን በነዋሪዎቹና በገዛ ወገኖቹ መካከል አሳረፈ። በነዋሪዎቹ ላይ ከተኮሱ ተኩሱባቸው ብሎ ሁለት ባልደረቦቹን አዘዘ። ሰዎች አተረፈ። ሲመለስ ግን ከሃዲ ተባለ፣ ዛቻ ደረሰበት። እሱና ባልደረቦቹ ለዚያ ሥራቸው የተገባቸውን ሜዳሊያ ያገኙት ከ30 ዓመት በኋላ በ1998 ነው። ያኔ ከሁለቱ ባልደረቦቹ አንዱ በሕይወት አልነበረም። በግድያው የተፈረደበት ደግሞ አንድ መኮንን ብቻ ነው። ዕድሜ ልክ ተፈርዶበት ከሦስት ዓመት ተኩል አካባቢ በኋላ ተለቀቀ፤ ያንንም በአብዛኛው በቁም እስር ነው ያሳለፈው። ይህን ስጽፍ እኔም እናደዳለሁ፣ አልደብቅሽም።

እና ያን ማታ ልጅሽ ምንም አልተናገረም። ፊልም ነው የከፈተ። አባቱ የሰማው ግን "ከእነዚህ ውስጥ አንተ የቱ ነህ?" የሚለውን ነው ብዬ እጠረጥራለሁ። ጥያቄውን ከሚስቱ ሰምቶት አያውቅም። አሁን ከልጁ፣ ያውም ሁሉም እያዩት ሰማው። ሪሞቱን ያነሳው ለዚህ ይመስለኛል። ልሳሳት እችላለሁ፤ ግን ከዚህ ተነስተሽ ብታስቢው ንግግራችሁ ከምርመራ ይርቃል።

አሁን "ልጠይቀው ወይ?" ወዳልሽው። "አድርገህ ታውቃለህ?" ብለሽ አትጠይቂው። "የለም" ቢል አታምኚውም፤ ሌሊት እየተገላበጥሽ ታስቢዋለሽ። "አዎ" ቢል ደግሞ የምትሆኚውን አላሰብሽበትም። ስለዚህ መጀመሪያ ራስሽን ጠይቂ፦ ምን ያህል መስማት እችላለሁ? የምር ነው የምልሽ። ከሰማሽው በኋላ አልሰማሁም ማለት አትችይም። ዝርዝሩን ላለመስማት መብት አለሽ፤ ሚስት መሆን የሁሉ ነገር ማከማቻ መሆን አይደለም። "ዝርዝሩን ለባለሙያ ንገረው፣ እኔ አብሬህ ነኝ" ማለት ይቻላል።

ስታነጋግሪው ልጁ ባይኖር ይሻላል። መጠጥ ቀምሶ ከገባም ተይው። ፊት ለፊት አፍጥጣችሁ ከመቀመጥ አብሮ እየሄዱ ማውራት ይቀላል፤ ብዙ ወንዶች ዓይን ለዓይን ሳይተያዩ ነው የሚተነፍሱት። እንዲህ በይው፦ "ያ ፊልም የነካብህ ነገር እንዳለ አይቻለሁ። ምን እንደሆነ ዛሬ እንድትነግረኝ አላስገድድህም። መናገር ስትፈልግ እሰማሃለሁ። ልጅህን ግን አታኩርፈው። እሱ ምንም አላጠፋም፣ ጥፋተኛ የሆነ መስሎት ነው የሰነበተው።" ሁለቱን ነገር ለያይቼ ያቀረብኩልሽ ሆን ብዬ ነው። ስለ ጦርነቱ ዝም ማለት፣ ቢያንስ ለጊዜው፣ መብቱ ነው። ልጁን ፊት መንሳት ግን መብቱ አይደለም። በዚህ ላይ ጠንከር በይ።

ዝም ካለሽ ተይው፣ ሌላ ቀን አለ። ከተናገረ ደግሞ ሁለት ነገር ከአፍሽ እንዳይወጣ። አንደኛው "ጦርነት ነበር፣ ምን ታደርግ" የሚለው ነው። ሊያጽናናው የታሰበ ቢሆንም የሚሰማው "ዝም በል" ተብሎ ነው። ሁለተኛው "ይቅር ተብለሃል" ነው። እህቴ፣ ይቅርታው ያንቺ አይደለም። የእኔም አይደለም። ሰው ተጎድቶ ከሆነ ያ ይቅርታ የተጎዳው ሰው ነው፣ በሕይወት ካለ። ባልሽ ይህን ከሁላችንም በላይ ያውቀዋል፤ ለዚህ ነው የርካሽ ይቅርታ የማያሳርፈው። "ስለነገርከኝ አመሰግናለሁ፣ አሁን ምን ማሰብ እንዳለብኝ አላውቅም" ብትይው እውነት ነው፣ ይበቃል።

በሥራዬ ሁለት ዓይነት ሰዎች ያጋጥሙኛል። አንዱ "መጥፎ ነገር አድርጌያለሁ" ይላል። ሌላው "እኔ መጥፎ ነኝ" ይላል። የመጀመሪያው ለመካስ መንገድ ይፈልጋል። ሁለተኛው ይደበቃል፤ በመጠጥ፣ በቁጣ፣ ሳሎን በመተኛት። ለኅሊና ቁስል የተዘጋጁ ሕክምናዎች ሰውን ከሁለተኛው ወደ መጀመሪያው ለማምጣት ይሞክራሉ። ለምሳሌ በአንዱ ሕክምና ታካሚው በጣም ከሚያከብረው ሰው ጋር በሐሳቡ ይነጋገራል፤ የሆነውን ይነግረዋል፣ ያ ሰው ምን እንደሚለው ራሱ ይመልሳል። ከዚያ "ዛሬ ምን ማድረግ እችላለሁ?" ወደሚለው ይሄዳሉ። ያለፈውን መሰረዝ የሚባል ነገር የለም።

ደስ የማይለውንም ልበልሽ። በሰላማዊ ሰዎች ላይ የሚፈጸም ከባድ የጦር ወንጀል የቤተሰብ ምስጢር ብቻ ሆኖ አይቀርም። በዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት ሕግ እንዲህ ያለው ወንጀል በጊዜ ብዛት አይታገድም። ባለሙያ ምን ያህል ምስጢር መጠበቅ እንደሚችል ደግሞ ከአገር አገር ይለያያል። ባልሽ ሐኪም ጋር ሲሄድ ዝርዝር ከመናገሩ በፊት "ምስጢሬ እስከ ምን ድረስ ይጠበቃል?" ብሎ ይጠይቅ። የሕግ ምክር ካስፈለገም ያግኝ። "ደብቂለት" ብዬ አልመክርሽም። "ክሰሺው" ለማለትም ምንም የማውቀው የለም፤ አንቺም የለሽም።

ልጅሽ ጋ ተመለሺ፣ ዛሬውኑ ቢሆን ጥሩ ነው። "አፍህን ዝጋ ያልኩህ ደንግጬ ነው። ያልከውን እኔም አላውቀውም። መጠየቅህ ግን ጥፋት አይደለም" በይው። አባትህ ጀግና ነው ብለሽ አታሳምሪው፤ የማታውቂውን ነው። ፊልም እስከወደደ ድረስ ስለ ፊልሙ አውሩ። ካሜራው ከማን ጋር ነው የሚውለው? ልጅቷ በፊልሙ ሁሉ ስንት ቃል ትናገራለች? ስለ እሷ ቤተሰብ ምን አወቅን? ይህን ሲያስብ ጉዳዩ ከአባቱ ጥፋተኝነት ይሰፋል። ለጨዋታም የተሻለ ነው።

የማትጠብቂባቸው ነገሮች አሉ። መጠጥ ከበዛ፣ ቤት ውስጥ መሣሪያ ካለ፣ "ባልኖር ይሻላል" የሚል ነገር ካመለጠው፣ አንቺን ወይም ልጁን ሊመታ ከቃጣ፣ ንግግሩን ሁሉ ተይውና እርዳታ ጥሪ። መሣሪያው ከቤት ይውጣ። "መኖር አስጠልቶህ ያውቃል?" ብሎ በግልጽ መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣበትም፤ ስለዚህ አትፍሪ፣ ጠይቂው። ከእነዚህ አንዱም ከሌለ በሚቀጥሉት ሳምንታት ከዘማቾች ጋር የሠራ የሥነ ልቦና ባለሙያ ፈልጊ። እሱ አልሄድም ቢል አንቺ ብቻሽን ሂጂ፤ ቀጠሮውን በስምሽ ያዢ።