የመቅዘፊያው እንጨትና ረጅሙ ጎራዴ፦ ስለ «ሙሳሺ» ልቦለድ ለጠየቃችሁን

ጃፓናዊው ደራሲ ኤጂ ዮሺካዋ ስለ ጎራዴ ተዋጊው ሚያሞቶ ሙሳሺ በጻፈው «ሙሳሺ» በተባለው ልቦለድ ላይ ከደረሱን ጥያቄዎች አምስቱን መርጠናል። ዓመቶቹ፣ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ መጽሐፉ ወደ 970 ገጽ ነው። ሁለት ጊዜ ጀምሬ ስሞቹ እየተምታቱብኝ መሀል ላይ ተውኩት። እንዴት ልጨርሰው? (ከሐዋሳ)

መጽሐፉ መጀመሪያ የጋዜጣ ተከታታይ ነበር። በ«አሳሂ» ጋዜጣ ከ1935 እስከ 1939 ከ1000 በላይ በሆኑ ክፍሎች ወጥቷል። አንባቢው ነገ ጋዜጣውን እንዲገዛ ታስቦ ስለተጻፈ ምዕራፎቹ ብዙ ጊዜ እንደተንጠለጠሉ ያልቃሉ፤ የተለያዩ ሰዎችም በየመንገዱ በአጋጣሚ ይገናኛሉ። ይህን ከመነሻው ካወቁ አጋጣሚው ብዙም አይቆረቁርዎትም።

በእጅዎ ያለው 970 ገጽ በ1981 የወጣው የቻርልስ ቴሪ የእንግሊዝኛ ትርጉም ይመስለናል። እሱም ቢሆን ከጃፓንኛው ያጠረ ነው። ሰባት ክፍሎች አሉት፦ መሬት፣ ውኃ፣ እሳት፣ ነፋስ፣ ሰማይ፣ ፀሐይና ጨረቃ፣ ፍጹሙ ብርሃን። በቀን 20 ገጽ ካነበቡ በግምት በሳምንት አንድ ክፍል፣ በሰባት ሳምንት መጽሐፉ ያልቃል። ማረፍ ከፈለጉ ክፍል ሲያልቅ ይረፉ። መሀል ላይ አንድ ሳምንት ካቆሙ ማን ማንን ሲያሳድድ እንደነበር ይጠፋብዎታል።

ስሞቹን በተመለከተ አንባቢ የሚወድቅባቸው ሦስት ቦታዎች አሉ። አንደኛ፣ ታኬዞና ሙሳሺ አንድ ሰው ናቸው። ስሙ የሚጻፍባቸው ሁለት የቻይና ፊደላት በሁለት መንገድ ይነበባሉና አጻጻፉ ሳይለወጥ ንባቡ ብቻ ተለወጠ። ሁለተኛ፣ የቤተሰብ ስም ይቀድማል። የራስን ስም አስቀድመን የአባትን ስም ማስከተል ስለለመድን «ሚያሞቶ» የሰውየው፣ «ሙሳሺ» የአባቱ ስም ይመስለናል፤ ነገሩ ግን ሌላ ነው። የራሱ ስም ሙሳሺ ነው፣ ሚያሞቶ ደግሞ የመንደሩ ስም ነው። ሦስተኛውና ብዙ ሰው የሚያሳስተው፣ በመጽሐፉ ውስጥ ሁለት «ሳሳኪ ኮጂሮ» መኖራቸው ነው። የሙሳሺ የልጅነት ጓደኛ ማታሃቺ ከሞተ ሰው ላይ ያገኘውን የጎራዴ ትምህርት ምስክር ወረቀት ይዞ በላዩ በተጻፈው ስም ራሱን ይጠራል። እውነተኛው ኮጂሮ የሙሳሺ ተቀናቃኝ የሆነ ጎራዴ ተዋጊ ነው። ኮጂሮ ፈሪና ዋሾ ሆኖ ከታየዎት የሚያነቡት ስለ ማታሃቺ ነው።

የስም ዝርዝር ከመጻፍ ይልቅ «ማን ማንን ይፈልጋል?» ብለው አንድ ወረቀት ላይ ያስፍሩ። ኦትሱ ሙሳሺን በፍቅር ትፈልጋለች፣ አሮጊቷ ኦሱጊ ሁለቱንም ለበቀል ታሳድዳለች፣ ልጁ ጆታሮ ጌታውን ይፈልጋል። ይህችን ከያዙ ስሙ ቢጠፋዎት እንኳ ታሪኩ አይጠፋዎትም።

ጥያቄ፦ ከልቦለዱ ውስጥ ምን ያህሉ እውነት ነው? ኦትሱ የምትባል ሴት ነበረች? (ከአዲስ አበባ)

አልነበረችም። ኦትሱ፣ ማታሃቺ፣ ኦሱጊና ጆታሮ የደራሲው ፈጠራ ናቸው። ታኩአን ግን በእርግጥ የኖረ የዜን ቡድሂዝም መነኩሴ ነው፣ ከ1573 እስከ 1645። ነገር ግን ሙሳሺን ስለማግኘቱ ማስረጃ የለም። ስለዚህ ታኬዞን ከትልቁ ዛፍ ላይ አስሮ የሰቀለበት ትዕይንትና በሂሜጂ ግንብ ክፍል ከመጻሕፍት ጋር ሦስት ዓመት የተዘጋበት ታሪክ ልብ ወለድ ናቸው። የመጽሐፉ አከርካሪ ግን እነዚህ ሁለቱ ናቸው። ዮሺካዋ የጻፈው ጉልበተኛ የገጠር ጎረምሳ እንዴት ሰው እንደሆነ ስለሆነ፣ አስተማሪ ያስፈልገው ነበር፤ ታሪክ ያልሰጠውን አስተማሪ ራሱ ሰጠው። በእኛ አስተያየት ይህ የመጽሐፉ ትልቁ ብልሃት ነው።

ስለ እውነተኛው ሙሳሺ የምናውቀው ጥቂት ነው። በ1643 መጻፍ በጀመረው መጽሐፍ፣ በ13 ዓመቱ አሪማ ኪሄይ የተባለ ሰው እንዳሸነፈ፣ በ21 ዓመቱ ወደ ዋና ከተማው እንደሄደ፣ እስከ 28 ወይም 29 ዓመቱ ከ60 ጊዜ በላይ ተጋጥሞ አንድም ጊዜ እንዳልተሸነፈ ይናገራል። ከ30 ዓመቱ በኋላ ወደ ኋላ ሲመለከት ግን ያሸነፈው ጥበቡን ጠንቅቆ በማወቁ እንዳልነበረ ራሱ ጽፏል። የትውልድ አገሩንም ሃሪማ ይላል፤ ልቦለዱ ግን በሚማሳካ የምትገኘውን የሚያሞቶ መንደር መርጧል።

ጎራዴ ከሚያስተምረው ከዮሺዮካ ቤት ጋር የነበረው ጠብ መሠረት አለው። የሙሳሺ የማደጎ ልጅ ኢዮሪ በ1654 በኮኩራ ያቆመው የመታሰቢያ ድንጋይ የዚያን ቤት ወንድማማቾች ሴይጁሮን፣ ዴንሺቺሮንና በኢቺጆጂ የነበረውን ፍልሚያ ይጠቅሳል። በድንጋዩ ጽሑፍ መሠረት ዴንሺቺሮ አምስት ሻኩ ርዝመት ያለው የእንጨት ጎራዴ ይዞ መጣ፣ ሙሳሺም ያንኑ ቀምቶ ገደለው። አንድ ሻኩ 30.3 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ 1.5 ሜትር ያህል እንጨት ነው። ልቦለዱ በኢቺጆጂ ትንሹን ልጅ፣ የቤቱን የስም አለቃ፣ በሙሳሺ እጅ እንዲሞት አድርጎ ያ ደም እስከ መጨረሻው እንዲከተለው ያደርጋል። ይህንን ክፍል ዘለው አይለፉት።

ሌላም ትዕይንት ቀስ ብለው ቢያነቡት እንወዳለን። ሙሳሺ በማረፊያ ቤት ሳለ የአንድ አበባ ግንድ እጁ ይገባል። ሰው ሁሉ አበባውን ሲያይ እሱ የተቆረጠበትን ጫፍ ያያል። ከዚያ በራሱ ጎራዴ ሌላኛውን ጫፍ ቆርጦ ሁለቱን ጎን ለጎን ይመረምራል። በዓይን የማይለይ የሚመስል ልዩነት ነው፤ እሱ ግን የመጀመሪያው እጅ ከእጁ እንደሚበልጥ ይገባዋል። ቆራጩ አረጋዊው የጎራዴ መምህር ያግዩ ሴኪሹሳይ ነበር። ጎራዴ ከአፎቱ ለጠብ ሳይመዘዝ ሙሳሺ የተሸነፈበት ገጽ ይህ ነው።

ጥያቄ፦ ከመቅዘፊያ የተጠረበ እንጨት የኮጂሮን ብረት እንዴት አሸነፈ? ሙሳሺ ሆን ብሎ ዘግይቶ መምጣቱስ ታሪክ ነው? (ከዋሽንግተን)

በልቦለዱ መጨረሻ ሙሳሺ ከመቅዘፊያ የጠረበውን እንጨት ይዞ በአንዲት ደሴት ላይ ከኮጂሮ ጋር ይጋጠማል። መጀመሪያ ልኩን እንያዝ። የተለመደው የሳሙራይ ጎራዴ ስለቱ 70 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የኮጂሮ «የልብስ ማስጫ ዘንግ» የሚባለው ግን ከሦስት ሻኩ ያላነሰ፣ ማለትም ወደ 91 ሴንቲ ሜትር ነበር። ተራ ጎራዴ የያዘ ሰው ኮጂሮ ጋ ለመድረስ 20 ሴንቲ ሜትር ተጨማሪ መጠጋት አለበት፤ ኮጂሮ ደግሞ የሚያሸንፈው በዚያች ርቀት ነው። ሙሳሺ ያንን የመቅዘፊያ እንጨት አስመስሎ በኋላ እንደገና ሠርቶታል የሚባለውና ተጠብቆ የቆየው የእንጨት ጎራዴ 127 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ከእጀታው ጋር ስንቆጥረው ከኮጂሮ መሣሪያ የማያንስ ርዝመት ነው። ኮጂሮ የለመደው የርቀት ስሌት እዚህ ላይ ፈረሰ።

ሌላው ነገር፣ ብረት የሚቆርጠው ስለቱ በትክክለኛው አቅጣጫ ሲያርፍ ነው። ትንሽ ካዘነበለ ይንሸራተታል። ከባድ እንጨት ግን አቅጣጫ አይመርጥም፣ ራስ ላይ ካረፈ አጥንት ይሰብራል። በልቦለዱም የሆነው ይኸው ነው። የኮጂሮ ስለት የሙሳሺን የግንባር ማሰሪያ ጨርቅ ብቻ ሲቆርጥ የሙሳሺ እንጨት ራስ ቅሉን አገኘው። ልዩነቷ የጣት ስፋት ያህል ናት።

ስለ መዘግየቱ፣ ልብ ይበሉ። የ1654ቱ ድንጋይ ሁለቱ እኩል ደርሰው ተገናኙ ነው የሚለው። ኮጂሮ አፎቱን ወደ ባሕር ሲወረውር ሙሳሺ «ተሸንፈሃል» ያለበት ዝነኛ ንግግር የመጣው በ18ኛው መቶ ዘመን ከተዘጋጀ የሙሳሺ ተከታዮች መጽሐፍ ነው። ከዚያ በፊት በ1672 የተጠናቀረ የአንድ ሹም ቤተሰብ መዝገብ ደግሞ ለሙሳሺ የሚያሳፍር ነገር ይዟል፦ ኮጂሮ ወድቆ ነፍስ ሲዘራ ተደብቀው የነበሩት የሙሳሺ ተማሪዎች ገደሉት ይላል። ሙሳሺ ራሱ በመጽሐፉ ስለዚህ ፍልሚያ አንድም ቃል አልጻፈም። ዮሺካዋ ከእነዚህ መካከል ለልቦለድ የሚመቸውን መረጠ፣ ይህም መብቱ ነው። እኛ ግን ልቦለዱን ጠቅሰን «ታሪክ እንዲህ ይላል» ማለት የለብንም።

ጥያቄ፦ የሙሳሺ የስልት መጽሐፍ የተጻፈው በልቦለዱ የትኛው ክፍል ነው? (ከጎንደር)

በየትኛውም። ልቦለዱ በ1600 ከሴኪጋሃራ ጦርነት ሬሳ መካከል ጀምሮ በ1612 ሙሳሺና ኮጂሮ በተጋጠሙባት ደሴት ላይ ያበቃል። ሙሳሺ «የአምስቱ ቀለበቶች መጽሐፍ»ን በኩማሞቶ አቅራቢያ በሬይጋንዶ ዋሻ መጻፍ የጀመረው በ1643 ነው፤ በ1645 ሞተ። ዮሺካዋ ግን የመጀመሪያዎቹን አምስት ክፍሎች በዚያ መጽሐፍ ጥራዞች ስም ሰይሟቸዋል። እኛ «ሰማይ» ያልነው በስልት መጽሐፉ «ባዶነት» ተብሎ የሚተረጎመው ነው።

ጥያቄ፦ ለመለማመድ ጥቂት ምዕራፍ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። የት የት ልጠንቀቅ? (ከደሴ)

«ጎራዴ» ይበሉ እንጂ «ሰይፍ» አይበሉ። ሰይፍ ስንል ሁለት አፍ ያለው ቀጥ ያለ ነገር ነው የሚመጣብን፤ የሳሙራዩ መሣሪያ ግን ባለ አንድ ስለትና ጎባጣ ነው። ታኬዞ የተሰቀለበት ዛፍ ሱጊ ነው፤ በእንግሊዝኛ ብዙ ጊዜ በአርዘ ሊባኖስ ስም ስለሚጠራ በዚያ እንዳይሳሳቱ። የጃፓኑ ሱጊ ከአገራችን ጥድ ጋር የአንድ ቤተሰብ ዛፍ ነውና «ትልቅ ጥድ» ቢሉት ይቀርባል።

እንግሊዝኛው የከበሬታውን ደረጃ በአንድ ቃል ጠቅልሎ ስለሚያልፍ አማርኛው መልሶ መዘርዘር አለበት። ታኩአን ታኬዞን «አንተ» ይለዋል። ታኬዞ በመጀመሪያ ሲሳደብ «አንተ መነኩሴ» ቢለው ያምራል፤ ከግንቡ ሲወጣ ግን ወደ «እርስዎ» መዞር አለበት፣ ለውጡ በዚያች አንዲት ቃል ይታያልና። ሴኪሹሳይን የመሰለ ሽማግሌ «አንቱ» ቢባል ዘመኑን ይመስላል። ታኩአንን «አባ» ማለት ግን መስቀል ያስይዘዋል፤ «መምህር» ይሻላል። ለኦትሱ ስም «ጸ»ን አይጠቀሙ፣ ጃፓንኛው ድምፁ ስለማይፈነዳ «ትሱ» ብሎ መጻፉ ይቀርባል።

ከሁሉ በላይ ሰዓቱን ይጠንቀቁ። የፍልሚያው ቀጠሮ «የዘንዶ ሰዓት» ነው፤ ጃፓኖች ቀንና ሌሊቱን በ12 ይከፍሉት ነበርና አንዱ የእኛን ሁለት ሰዓት ያህላል። የዘንዶው ሰዓት ከፈረንጅ 7 እስከ 9 የሚሆነው ጠዋት ነው። «ስምንት ሰዓት» ብለው በቀጥታ ከገለበጡት ኮጂሮ ሙሳሺን ከምሳ በኋላ ሲጠብቅ ሊገኝ ነው፤ ትክክሉ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው። ቀኑም «ኤፕሪል 13» ተብሎ በየቦታው ይጻፋል፤ ያ ግን የጨረቃ አቆጣጠር አራተኛ ወር 13ኛ ቀን ነው። ወደ ፀሐይ አቆጣጠር ሲመለስ ሜይ 13 ቀን 1612 ላይ ይውላል፤ በእኛ ግንቦት 8 ቀን 1604 ዓ.ም. መሆኑ ነው።