ኤርታ ዓሌ፦ ስለ ስሙና ስለ እሳቱ ለተጠየቅኋቸው መልሶች

ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. በአፋር የሃይሊ ጉቢ እሳተ ገሞራ ከፈነዳ ወዲህ ጅማ ውስጥ ቡና ላይ የተቀመጥሁበት ቤት ሁሉ ጥያቄ አለ። ጂኦግራፊ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ ወጥቻለሁ፤ እዚያው አፋር ያለውን እሳተ ገሞራ ኤርታ ዓሌንም ወጥቼ አይቼዋለሁ። የጎረቤቶቼንና የተማሪዎቼን ጥያቄዎች ከነመልሳቸው ጽፌአለሁ።

ጥያቄ፦ መምህር፣ የኤርታ ዓሌ ስም ትርጉም «የገሃነም በር» ነው ይባላል፤ እውነት ነው?

መልስ፦ አይደለም። እሱ ለጎብኚ የሚነገር ቅጽል ነው። «ዓሌ» በአፋርኛ ተራራ ማለት ነው፤ ስሙ ሲተረጎም «የሚጨስ ተራራ» ይሆናል። እዚያው አፋር ውስጥ «ዓዶ ዓሌ» የሚባል ሌላ እሳተ ገሞራ አለ፤ ነጭ ተራራ ማለት ነው። አፋሮች ተራራቸውን የሰየሙት ዓይናቸው ባየው ነው፤ እኛ ገሃነም ስንጨምርበት ያዩትን እንሸፍንባቸዋለን። ይህ ያሳዝነኛል።

ጥያቄ፦ በአፋርኛ ጽሑፍ «ዓሌ» በላቲኑ «ቁ» (Q) ፊደል ተጀምሮ አየሁት። ታዲያ «ቀሌ» አይባልም?

መልስ፦ ጥሩ አስተውለሃል ልጄ። ጅማ አድገህ ቁቤ ስለተማርህ ያንን ፊደል «ቀ» ብለህ ታነባለህ። አፋርኛ ግን ያንኑ ፊደል ከጉሮሮ ለሚወጣው ድምፅ ሰጥቶታል፤ ግዕዝ በ«ዐ» ለሚጽፈው። «ዐፋር» የሚለውም ስም የሚጀምረው በዚሁ ነው። አማርኛ ተናጋሪ «አ»ን ከ«ዐ» ስለማይለይ ልዩነቱ ለጆሯችን ጠፍቷል፤ ፊደሉ ግን አሁንም እጃችን ላይ አለ።

ጥያቄ፦ በጣም ረጅም ተራራ ነው?

መልስ፦ ከፍታው 613 ሜትር ብቻ ነው። ጅማ ከ1,700 ሜትር በላይ ናት፤ ስለዚህ ከዚያ ጫፍ ላይ የቆመ ሰው ከእኛ ከተማ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ነው ያለው። ቅልጥ አለቱ ቀጭን ፈሳሽ ስለሆነ ሳይከመር ይፈስሳል፤ ተራራውም እንደ ተደፋ ምጣድ ሰፊና ዝርግ ነው።

ጥያቄ፦ ላዩ ላይ ምን ይታያል?

መልስ፦ ሙቀቱን ሽሽት የወጣነው በሌሊት ነበር፤ ፍራሻችንን ግመል ተሸክሞልናል። ጫፉ አካባቢ አዲሱ ድንጋይ ስስ ነው፤ ሲረግጡት እንደ ደረቅ እንጀራ ይንኮሻኮሻል። የእጅ ባትሪዬን ዝቅ ሳደርግ በስንጥቁ ውስጥ ወርቃማ ክሮች አየሁ። ንፋስ ቅልጡን ስቦ እንደ ፀጉር ያቀጠነው መስታወት ነው፤ ሳይንቲስቶች በሃዋይ የእሳት አምላክ ስም «የፔሌ ፀጉር» ይሉታል። ጣት ስለሚወጋ አትንኩት።

ጥያቄ፦ ጫፉ ላይ ያለው የእሳት ሐይቅ፣ የቅልጥ አለቱ ማለቴ ነው፣ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው?

መልስ፦ ከፍ ዝቅ ይላል። የእሳተ ገሞራ ተመራማሪው ሃሩን ታዚዬፍና ጓደኞቹ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ካጠኑት ወዲህ ለአሥርታት ሳይጠፋ ታይቷል። በጥር 2009 ዓ.ም. ግን ሞልቶ ፈሰሰ፤ ቀጥሎም ከጫፉ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ራቅ ብሎ ጎኑ ተሰንጥቆ ቅልጡ በዚያ ወጣ፤ የላይኛው ሐይቅም ዝቅ አለ። በሐምሌ 2017 ዓ.ም. እንደገና ፈነዳ።

ጥያቄ፦ የኅዳሩ አመድ ጅማ ለምን አልደረሰም?

መልስ፦ እትዬ፣ አመዱ ወደ 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ሽቅብ ወጣ። እዚያ ከፍታ ላይ ያለው ንፋስ ቀይ ባሕርን አሻግሮ ወደ የመንና ወደ ኦማን፣ ከዚያም ወደ ፓኪስታንና ወደ ሰሜን ህንድ ወሰደው፤ በረራዎች ተሰረዙ። ሃይሊ ጉቢ በኤርታ ዓሌ ሰንሰለት ደቡባዊ ጫፍ ላይ ያለ ተራራ ነው። የአፍዴራ አርብቶ አደር ግን ግጦሹ አመድ ለብሶበታል፤ ስለ አውሮፕላኑ ከተወራው እኩል ስለ እነዚያ ከብቶች ሊወራ ይገባ ነበር።

ጥያቄ፦ ጅማ ስር እሳት አለ?

መልስ፦ ዛሬ የሚነድ እሳተ ገሞራ የለም። ግን ለቤት መሠረት ስትቆፍሩ የምታገኙት ጥቁር ድንጋይ በአሥር ሚሊዮኖች ከሚቆጠሩ ዓመታት በፊት እንዲሁ ቀልጦ የፈሰሰ ነው። ቡናችን የበቀለበት ቀይ አፈርም ከዚያው ድንጋይ ብስባሽ የተገኘ ነው።

ጥያቄ፦ ለትምህርት ቤት ካርታ እየሣልሁ ነው፤ ስሙን እንዴት ልጻፈው?

መልስ፦ «ኤርታ ዓሌ» ብለሽ በሁለት ቃል ለይተሽ፣ በ«ዓ» ጻፊው። ከሥሩም «የሚጨስ ተራራ» በይ።