የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የኢንሹራንስ አጀስተር ፈቃድ፣ ትምህርቱና ፈተናው

ጥያቄ፦ የምኖረው ቴክሳስ፣ ዳላስ ነው። የኢንሹራንስ አጀስተር፣ ማለትም ጉዳት አጣርቶ ካሳውን የሚገምት ባለሙያ፣ ለመሆን አንዱ «የ40 ሰዓት ኮርስ ብቻ ይበቃል» ይለኛል፤ ሌላው «የስቴት ፈተና ግዴታ ነው» ይላል። የቱን ልመን? ፈተናው ከባድ የሚሆነውስ ምኑ ላይ ነው?

መልስ፦ መንገዱ ሁለት ስለሆነ ሁለቱም እውነት አላቸው። የቴክሳስ ኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት ያጸደቀውን ኮርስ ወስደው የማጠቃለያ ፈተናውን በ70 ከመቶ ካለፉ፣ የስቴቱን ፈተና መውሰድ አይጠበቅብዎትም። «ኦል ላይንስ» ለሚባለው፣ ንብረትንም መኪናንም የሠራተኛ ጉዳትንም ለሚያካትተው ፈቃድ ኮርሱ ቢያንስ 40 ሰዓት ነው። ኮርሱን ካልፈለጉ በቀጥታ ፒርሰን ቪዩ የተባለው ፈተና ሰጪ ድርጅት ጋ ተመዝግበው የስቴቱን ፈተና መውሰድ ይችላሉ። ለጀማሪ የምንመክረው ኮርሱን ነው።

ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ግን አንድ ነገር ያጣሩ። «የፈተና ዝግጅት» ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ ከስቴቱ ፈተና ነፃ አያደርግም። ትምህርት ቤቱ በመሥሪያ ቤቱ ዝርዝር ውስጥ መኖሩን፣ ኮርሱም የማጠቃለያ ፈተናውን የሚጨምር መሆኑን ይመልከቱ። ከዚያ የጣት አሻራ ይሰጣሉ፤ ማመልከቻውን ከ50 ዶላር ክፍያ ጋር ያስገባሉ። ዕድሜዎ 18 መሙላት አለበት።

ወደ ፈተናው እንምጣ። ብዙ ሰው ትርጓሜዎችን በቃሉ ሸምድዶ ይገባና ሒሳቡ ላይ ይሰናከላል። ሒሳቡ ራሱ ከአራቱ መደቦች አያልፍም፤ ችግሩ ቅደም ተከተሉ ነው። ለንግድ ሕንፃ የሚሠራውን የኮኢንሹራንስ ውል እንውሰድ። ሕንፃው 400,000 ዶላር ያወጣል። ውሉ ባለቤቱ የዋጋውን 80 ከመቶ፣ ማለትም 320,000 ዶላር፣ እንዲያስመድን ይጠይቃል። ባለቤቱ ግን ያስመደነው 240,000 ብቻ ነው። የ40,000 ዶላር ጉዳት ደረሰ፤ ዲደክቲብሉ፣ ማለትም ባለቤቱ ከኪሱ የሚሸፍነው፣ 1,000 ነው። 240,000 ለ320,000 ሲካፈል 75 ከመቶ ይሆናል። የ40,000 ሰባ አምስት ከመቶ 30,000 ነው፤ ዲደክቲብሉ ሲቀነስ ክፍያው 29,000 ይሆናል። ዲደክቲብሉን አስቀድሞ የቀነሰ ተፈታኝ 29,250 ያገኛል፤ ይህ ቁጥር ከምርጫዎቹ አንዱ ሆኖ ቢጠብቀው አይግረመው። ባለቤቱ ለምን ሙሉውን አያገኝም ቢሉ፣ ዓረቦኑን የከፈለው በውሉ ከተጠየቀው ባነሰ መጠን ላይ ስለሆነ የጉዳቱን ድርሻ አብሮ ይሸከማል።

የእርጅና ቅናሽም እንዲሁ ነው። 20 ዓመት ያገለግላል የተባለ ጣሪያ በ5ኛ ዓመቱ በረዶ ቢያወድመውና በአዲስ ለመተካት 16,000 ዶላር ቢያስፈልግ፣ አንድ አራተኛው ዕድሜው ስላለቀ 4,000 ይቀነሳል። «አክቹዋል ካሽ ቫሊዩ» የሚባለው የወቅቱ ዋጋ 12,000 ይሆናል። ዲደክቲብሉ የሚነሳው ከዚህ ላይ ነው።

የቴክሳስን ሕግ በተመለከተ ቀናቱን በቃል መያዝ ግድ ነው። ኩባንያው የካሳ ጥያቄው በጽሑፍ ከደረሰው በ15 ቀን ውስጥ መቀበሉን ያሳውቃል። የጠየቀው ሰነድ ሁሉ ከገባለት በኋላ በ15 የሥራ ቀን ውስጥ «እከፍላለሁ» ወይም «አልከፍልም» ይላል። እከፍላለሁ ካለ በ5 የሥራ ቀን ውስጥ ይከፍላል። «ቀን» እና «የሥራ ቀን» የሚለው ልዩነት ነጥብ ያስጥላል። በሥራ ላይ ደግሞ ኩባንያውን ወለድና የጠበቃ ወጪ ሊያስከፍለው ይችላል፤ ስለዚህ ለፈተና ብቻ ተብሎ የሚያዝ ነገር አይደለም።

እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው ለሆነ ደግሞ፦ «ኤክሰፕት» ወይም «ኖት» ያለበት ጥያቄ የሚፈልገው የማይመለከተውን ምርጫ ነው። መጀመሪያ ቃሏን ይፈልጉ፣ ከዚያ ምርጫዎቹን አንድ በአንድ «ትክክል» ወይም «ስህተት» እያሉ ይለፉ።

በ40 ሰዓት ጣሪያ ላይ ወጥቶ ጉዳት መለካት አይለመድም። ኩባንያዎች ለግምት የሚጠቀሙበት ዛክቲሜት የተባለው ፕሮግራም የፈተናው አካል አይደለም፤ ያለ እሱ ግን የንብረት ጉዳት ሥራ ማግኘት ይከብዳል። ከፈቃዱ ጎን ለጎን ቢማሩት አጥብቀን እንመክራለን። በፌዴራሉ የጎርፍ መድን ፕሮግራም ሥር ያለ ጉዳት ለመገመትም የስቴት ፈቃድ አይበቃም፤ ለብቻው ምዝገባ አለው።

ጥያቄ፦ ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ነው የምኖረው። ስቴታችን ለአጀስተር ፈቃድ አይሰጥም አሉኝ። ታዲያ ሌላ ስቴት ሄጄ እንዴት ልሠራ?

መልስ፦ ኮሎራዶ ፈቃድ የሚጠይቀው ከባለንብረቱ ወገን ለሚቆመው አጀስተር ነው፤ ለኩባንያ ሠራተኛ ወይም በውል ለተለያዩ ኩባንያዎች ለሚሠራው ገለልተኛ አጀስተር አይሰጥም። መፍትሔው «ዴዚግኔትድ ሆም ስቴት» ይባላል፦ እንደ ቴክሳስ ወይም ፍሎሪዳ ያለ ስቴት እንደ መነሻ ስቴት ይመርጡና የዚያን ስቴት መስፈርት ያሟላሉ። ይህን ፈቃድ ይዘው፣ የሌሎች ስቴቶችን ፈቃድ ኤንአይፒአር በተባለው የኢንሹራንስ ፈቃድ ማመልከቻ ድረ ገጽ በኩል ይጠይቃሉ፤ አብዛኞቹ ዳግም አይፈትኑም። ካሊፎርኒያ፣ ኒው ዮርክና ሃዋይ ግን የራሳቸውን ፈተና ይጠይቃሉ። በተለይ ካሊፎርኒያ ለገለልተኛ አጀስተር የሁለት ዓመት የሥራ ልምድም ስለምትጠይቅ ለጀማሪ አትሆንም። ወደፊት ፈቃድ ወደሚሰጥ ስቴት መኖሪያዎን ካዛወሩ፣ የነዋሪ ፈቃዱን ወደዚያ ማዞር እንዳለብዎት አይርሱ።

ጥያቄ፦ የቴክሳስ አጀስተር ፈቃድ ካወጣሁ፣ ጎረቤቴን ወክዬ ከኢንሹራንስ ኩባንያው ጋር ልከራከርለትና ድርሻ ልቀበል እችላለሁ?

መልስ፦ አይችሉም። ያ የ«ፐብሊክ አጀስተር» ሥራ ነው፤ የራሱ ፈቃድ፣ የራሱ ፈተናና የ10,000 ዶላር ቦንድ፣ ማለትም የገንዘብ ዋስትና፣ አለው። ክፍያውም ከካሳው 10 ከመቶ መብለጥ አይችልም።

ጥያቄ፦ ከዓመታት በፊት በፍርድ ቤት ተቀጥቼ ነበር። ኮርሱን መጀመሬ ከንቱ ነው?

መልስ፦ እንደ ጥፋቱ ዓይነት ነው። በ1994 የወጣው የፌዴራል ሕግ፣ ማታለል ወይም እምነት ማጉደል ባለበት ከባድ ወንጀል የተፈረደበት ሰው ያለ ተቆጣጣሪው የጽሑፍ ፈቃድ በኢንሹራንስ ሥራ እንዳይሰማራ ይከለክላል። ሌላ ዓይነት ጥፋት ቢሆንም ማመልከቻው ላይ ሲጠየቁ ሳይሸሽጉ ይጻፉ፤ አሻራው ሁሉንም ስለሚያሳይ፣ መደበቁ ራሱ ማመልከቻውን ውድቅ ሊያስደርግ ይችላል። ቴክሳስ ውስጥ ለኮርስ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት፣ ያለፈው ጉዳይዎ ፈቃድ ያስከለክል እንደሆነ መሥሪያ ቤቱ አስቀድሞ እንዲገመግምልዎት በጽሑፍ መጠየቅ ይችላሉ። የፍርድ ቤቱን ውሳኔ ግልባጭና ቅጣቱን ስለ መፈጸምዎ ማስረጃ አያይዘው ይላኩ።