ያልቸኮለው ድራመር፦ ለወጣት ሙዚቀኞች

ውድ ልጆቼ፣

አብዛኛውን ዕድሜዬን ያሳለፍኩት ከመቅረጫ ክፍሉ መስታወት ወዲህ ተቀምጬ የሌሎችን ድምፅ ስቀዳ ነው። በካሴት ዘመን የእኛ የቀን መቁጠሪያ ፋሲካና እንቁጣጣሽ ነበሩ፤ ካሴቱ ለበዓል ካልደረሰ ዘፋኙም አሳታሚውም ዓመቱ እንደ ባከነ ይቆጥሩት ነበር። ዛሬ በእናንተ ዘንድ በየሳምንቱ በዓል ሆኗል። አዲስ ነገር ሳታወጡ ሁለት ሳምንት ካለፈ የተረሳችሁ ይመስላችኋል። ምክር ፈልጋችሁ ስትመጡም ከሁሉ በፊት የምትጠይቁኝ ሳይቋረጡ መሥራት እንዴት እንደሚቻል ነው። መልሱን ከራሴ ኑሮ አላወጣውም። የሥራው ዘመን በክፍተት የተሞላውን እንግሊዛዊ ሮበርት ዋያትን ላስተዋውቃችሁ። ዓመታቱን የምጽፈው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

ዋያት በ1945 ብሪስቶል ተወለደ፤ ሙዚቃን የጀመረው በካንተርበሪ አካባቢ ነው። በ1966 ከጓደኞቹ ጋር ሶፍት ማሺን የተባለውን ባንድ መሠረተ፤ ድራም እየመታ ይዘፍን ነበር። ባንዱ በ1968 ከአሜሪካዊው ጊታሪስት ከጂሚ ሄንድሪክስ ጋር አሜሪካን ዞረ፣ በ1970 ደግሞ ለንደን ውስጥ በሮያል አልበርት አዳራሽ፣ ፕሮምስ በተባለው የክላሲካል ሙዚቃ ዝግጅት መድረክ ላይ ተጫወተ። ከዚያ ሙዚቃው ወደ ጃዝ እያዘነበለ ሲሄድ ለዋያት ድምፅ ቦታ ጠፋ፤ በ1971 ወጣ። ብዙ ሰዎች ስለዚህ ዘመን መጽሐፍ ይጽፋሉ። እኔ ግን ልባችሁን እንድትሰጡት የምፈልገው ከዚያ በኋላ ላለው ነው።

ጁን 1 ቀን 1973 ለንደን ውስጥ በአንድ ግብዣ ላይ ሰክሮ ከአራተኛ ፎቅ መስኮት ወደቀ። ሃያ ስምንት ዓመቱ ነበር። ከወገቡ በታች ዳግመኛ አልታዘዝለት አለ። ድራም የምትጫወቱ ታውቁታላችሁ፤ አንዱ እግር ትልቁን ከበሮ፣ ሌላው ጥንዱን ጸናጽል ይረግጣል። ያ ሁሉ በአንድ ሌሊት አበቃ።

እዚህ ላይ ብዙዎች አንድ ተረት ይወዳሉ፤ አደጋው ነው ታላቅ አርቲስት ያደረገው ይላሉ። አልቀበለውም። መከራን እንደ መምህር ማወደስ የተሠቃየ ሰው ከቅርብ ላላየ ይቀላል። እውነቱም ሌላ ነው። ሮክ ቦተም በተባለው አልበሙ ላይ ካሉት ዜማዎች ብዙዎቹ የተጀመሩት ከውድቀቱ በፊት በነበሩት የብርድ ወራት፣ ቬኒስ ውስጥ ነው። ፍቅረኛው አልፍሬዳ ቤንጅ እዚያ በፊልም ሥራ ተጠምዳ ስትውል እርሱ እንዳይሰለች አንዲት ትንሽ ኪቦርድ ገዛችለት፤ ቤት ተቀምጦ በኪቦርዷ ላይ ዜማ ይፈልግ ነበር። ከአደጋው በኋላ ስቶክ ማንድቪል ሆስፒታል ወራት ሲተኛ፣ በጠያቂዎች ክፍል ውስጥ ፒያኖ አገኘና የጀመረውን ቀጠለ። ቀደም ሲል ሥራ የፈታበት የሚመስለው ጊዜ ስንቅ ሆነው።

ቀረጻው ለእኔ ለሙያው ሰው ከሁሉም በላይ የሚጥመኝ ነው። በዊልትሻየር ገጠር አንዲት ወዳጃቸው ዴልፊና ቤቷን ሰጠቻቸው፤ የመቅረጫ መሣሪያ የተጫነበት መኪና ከቤቱ ውጭ ሜዳ ላይ ቆመ፣ ገመዱ ወደ ውስጥ ተዘረጋ። ዋያት ኪቦርዱን ራሱ ተጫወተ። ለምት ደግሞ በእጅ የሚመታ ትንሽ ከበሮና የቤቱን ሰሐን ማቅረቢያ ትሪ ተጠቀመ፤ የወይን ብርጭቆ ሳይቀር ገብቶበታል። አልበሙ ላይም "የዴልፊና ትሪ"፣ "የዴልፊና ብርጭቆ" ተብለው እንደ ማንኛውም የሙዚቃ መሣሪያ ተመዝግበዋል። ሙሉ ድራም የሚሰማው በጥቂት ቦታ፣ በሌላ ተጫዋች እጅ ነው። በቀረው ቦታ ያ ቀጭንና ከፍ ያለ ድምፁ እንደ ልቡ ይንሸራሸራል። ፒንክ ፍሎይድ የተባለው የእንግሊዝ ሮክ ባንድ ድራመር ኒክ ሜሰን ፕሮዲዩሰር ሆነ፤ ፒንክ ፍሎይድ ቀደም ብሎ ለዋያት መርጃ ኮንሰርት አዘጋጅቶለት ነበር። ስደተኛው ደቡብ አፍሪካዊ ሞንጌዚ ፌዛ ትራምፔቱን በላይ በላዩ እየደራረበ ነፋ። ጁላይ 26 ቀን 1974 አልበሙ ወጣ፤ ሮበርትና አልፍሬዳም በዚያው ቀን ተጋቡ።

በዚያው ዓመት በእንግሊዝ ቴሌቪዥን እውቅ የሙዚቃ ዝግጅት ላይ እንዲዘፍን ተጋበዘ። የዝግጅቱ ኃላፊ ተሽከርካሪ ወንበሩ ለቤተሰብ እይታ አይመችም ብሎ በተራ ወንበር እንዲቀመጥ ጠየቀው። ዋያት ተቆጣ፣ እምቢ አለ፣ በወንበሩ ላይ እንደ ተቀመጠ ዘፈነ። መልካችሁን አስተካክሉ፣ ይህን ሸፍኑ፣ ያንን አሳምሩ የሚላችሁ ሰው ሲመጣ አስታውሱት።

አሁን ወደ ጥያቄያችሁ። በ1975 አንድ አልበም አወጣ፤ ከዚያ እስከ 1980 ድረስ ከእርሱ የተሰማው እጅግ ጥቂት ነው። ሲመለስ ራፍ ትሬድ በተባለ ነፃ አሳታሚ በኩል የሌሎችን ዜማዎች፣ የኩባንና የቺሊን ጭምር፣ በነጠላ በነጠላ ዘፈነ። በ1982 እንግሊዝ ከአርጀንቲና ጋር በተዋጋችበት በፎክላንድ ጦርነት ሰሞን፣ ሙዚቀኞቹ ኤልቪስ ኮስቴሎና ክላይቭ ላንገር የሠሩለትን ዘፈን ተጫወተ። የመርከብ ሠሪ ከተማ ነዋሪዎች ሥራ መጣልን ብለው ሲደሰቱ፣ ልጆቻቸው በዚያው መርከብ ወደ ጦርነት እንደሚሄዱ የሚያስብ ዘፈን ነው። ሲወጣ ብዙም አልተሸጠም፤ በሚቀጥለው ዓመት እንደገና ወጥቶ ነው የሽያጭ ሰንጠረዥ ውስጥ የገባው። ዋና ዋና አልበሞቹ ከዚያ ወዲህ በ1985፣ በ1991፣ በ1997፣ በ2003 እና በ2007 ወጡ። በየመካከሉ ያለውን ዓመት ቁጠሩት። ከአራት ዓመት ያነሰ ክፍተት የለም፤ ግን ሁሌም ሲመለስ የሚለው ነገር ነበረው።

ይህን ስነግራችሁ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ ማለቴ እንዳይመስላችሁ። በባዶ ሆድ ማሰላሰል አይቻልም፤ የቤት ኪራይ ዜማው እስኪበስል አይጠብቅም። ስለዚህ እንጀራ የሚያበላ ሌላ ሥራ ያዙ፤ አታፍሩበት። ለሠርግ ተጫወቱ፣ ልጆች አስተምሩ፣ የሌላውን ዘፈን ቅዱ። ያልደረሰውን ዘፈን ግን ለኪራይ ብላችሁ አታውጡት። መቅረጫ ክፍል ውስጥ ለበዓል ሲባል ግማሽ ላይ ተቆርጦ የወጣ ስንት ጥሩ ዜማ አይቻለሁ፤ ዘፋኙም በኋላ መድረክ ላይ ሲጠየቅ መዝፈን ያሳፍረው ነበር።

ደግሞ ዋያት ብቻውን አልነበረም። የአልበሞቹን ሽፋን የሣለችው አልፍሬዳ ናት፤ በኋላ የብዙ ዘፈኖቹን ግጥም ጻፈች፣ የሥራ ጉዳዩንም ያዘች። እርሱም ይህን ከመናገር ቦዝኖ አያውቅም። በ2014 ሙዚቃ መሥራት ማቆሙን ተናገረ፤ የስንብት ዙር፣ የመጨረሻ ኮንሰርት የሚባል ነገር አላዘጋጀም።

ከእናንተ አንዳችሁ ባለፈው ያመጣችሁልኝን ዘፈን ሰምቼዋለሁ። ሁለተኛው ክፍል ገና ነው። ግጥሙን የጻፈችው እህትህ እንደሆነች ነግረኸኛል፤ የላክልኝ ፋይል ላይ ግን ስሟ የለም። ጨምረህ መልሰህ ላክልኝ።