ከአሜሪካ የመጣው ራውተር ለምን አልሠራም?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ቤታችን በስልክ መስመር የሚመጣ ኢንተርኔት አለን። በክረምቱ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ የድሮው ሞደም ተቃጠለ። ዋሽንግተን የሚኖረው ወንድሜ ይህን ሲሰማ ውድ ራውተር ገዝቶ በሰው ላከልኝ። የስልኩን ገመድ ሰካሁበት። ዋይፋዩ ወዲያው ስልኬ ላይ ታየ፣ ነገር ግን «ኢንተርኔት የለም» ይላል። የጠራሁት ባለሙያ «የአሜሪካ ዕቃ ስለሆነ ተቆልፏል፣ ከከፈልሽኝ እከፍተዋለሁ» አለኝ። ልጆቼ ለትምህርታቸው ይፈልጉታል። ልክፈለው?
የሁለት ልጆች እናት፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ እህቴ፣ አይክፈሉ። ወንድምዎ ከሱቅ የገዛው ራውተር የሚከፈት ቁልፍ የለበትም። የጎደለው ሌላ ነገር ነው፤ እሱንም እቤትዎ ሆነው በዓይንዎ ሊያዩት ይችላሉ።

ራውተሩን አዙረው ከጀርባው ያሉትን ቀዳዳዎች ይመልከቱ። ሰፋ ሰፋ ያሉ ናቸው፤ አንደኛው ብዙ ጊዜ በቀለም ተለይቶ «ዋን» ወይም «ኢንተርኔት» ተብሎ ተጽፎበታል። ሁሉም ባለ ስምንት ሽቦ የኔትወርክ ገመድ የሚሰካባቸው ናቸው። የስልክ ገመድ ጫፍ ከዚያ ይጠባል፤ የሚይዘውም ሁለት ወይም አራት ሽቦ ብቻ ነው። ሰውን የሚያሳስተው ጠባቡ ጫፍ ሰፊው ቀዳዳ ውስጥ ሰተት ብሎ መግባቱ ነው። የስልክ መስመር ደግሞ 48 ቮልት ያህል ኮረንቲ ይዞ ይመጣል፤ ስልኩ ሲጠራ ከዚያም በላይ ይሆናል። ያ ቀዳዳ ለዚህ አልተሠራምና ገመዱን ዛሬውኑ ይንቀሉት።

የተቃጠለው የድሮ ዕቃዎ በአንድ ቀፎ ውስጥ ሁለት ሥራ ይሠራ ነበር። የመጀመሪያው የሞደም ሥራ ነው፤ በመዳብ ሽቦው ላይ ከድምፅ በላይ በሆነ ሞገድ የሚመጣውን መልእክት ኮምፒውተር ወደሚገባው ይለውጣል። ሁለተኛው የራውተር ሥራ ነው፤ ያንን መልእክት ለቤቱ ስልኮችና ኮምፒውተሮች ያከፋፍላል። ወንድምዎ የላከው ሁለተኛውን ብቻ ይሠራል። ስለዚህ ዋይፋዩ መታየቱ ኢንተርኔት አለ ማለት አይደለም፤ ቧንቧው ግቢ ድረስ ተዘርግቶ ውሃው ገና አልተለቀቀም። ይህን ልዩነት ሳያውቁ ደህናውን ዕቃ የጣሉና ለማያስፈልግ ጥገና ገንዘብ የከፈሉ ብዙ ሰዎች አጋጥመውኛል፤ ያናድደኛል።

አሁን ወደ አገልግሎት ሰጪዎ ቅርንጫፍ መታወቂያዎን ይዘው ይሂዱ። መጀመሪያ የሚጠይቁት «ፋይበር እኔ ሰፈር ደርሷል ወይ?» ብለው ይሁን፤ ፋይበር በመዳብ ሽቦ ፈንታ መልእክቱን በብርሃን የሚያመጣ ቀጭን የመስታወት ገመድ ነው። ደርሶ ከሆነ ለመዳብ መስመር ገንዘብ አያውጡ፤ ወደ ፋይበር ይዛወሩ። ፋይበር የሚያስገቡት ሰዎች በሚተክሉት ሣጥንና በወንድምዎ ራውተር መካከል የሚያስፈልገው አንድ የኔትወርክ ገመድ ብቻ ነው። ካልደረሰ ግን «ኤዲኤስኤል» (በስልክ መስመር የሚመጣው ኢንተርኔት ስም ነው) የሚል ጽሑፍና ጠባብ የስልክ ቀዳዳ ያለው ሞደም ይግዙ። ውድ መሆን የለበትም፤ ዋይፋዩን የሚያሠራጨው የወንድምዎ ስጦታ ነውና።

ከቅርንጫፉ ሳይወጡ ሦስት ነገር በወረቀት ያስጽፉ፦ የኢንተርኔት አካውንትዎን የተጠቃሚ ስም፣ የይለፍ ቃሉን፣ እንዲሁም «ቪፒአይ» እና «ቪሲአይ» የሚባሉትን ሁለት ቁጥሮች። እነዚህ ሁሉ በድሮው ሞደም ውስጥ ተሞልተው ስለነበር አብረውት ጠፍተዋል። አካውንቱ ግን አልጠፋም፤ በስምዎ የተመዘገበ የእርስዎ ንብረት ነው። የይለፍ ቃሉን ከረሱት እዚያው ይቀይሩልዎታል። ወረቀቱን ከቤት ካርታው ጋር ቢያስቀምጡት አይበዛበትም።

ቤት ሲመለሱ ከሞደሙ በፊት ስፕሊተሯን ይዩ፤ ስልኩንና ኢንተርኔቱን የምትለያየዋን ትንሽ ሣጥን ማለቴ ነው። ሦስት ቀዳዳ አላት፤ አንዱ ከግድግዳ ለሚመጣው መስመር፣ አንዱ ለስልክ፣ አንዱ ለሞደም። ሞደሙ በስልኩ ቀዳዳ ከተሰካ የ«ዲኤስኤል» መብራት ሲርገበገብ ይውላል እንጂ አይረጋም። ሞደሙ በተቃጠለ ጊዜ እሷም ተጎድታ ሊሆን ስለሚችል፣ መብራቱ አልረጋ ካለ ሞደሙን ያለ እሷ በቀጥታ ከግድግዳው ላይ ሰክተው ይሞክሩ። የስልኩን ቀፎ አንስተው የመንጫጫት ድምፅ ከሰሙ ግን ችግሩ ከውጭ ሊሆን ይችላል፤ ውሃ የገባበት ወይም የዛገ መጋጠሚያ ይኖር ይሆናል። ያንን የሚጠግነው አገልግሎት ሰጪው ነው።

የ«ዲኤስኤል» መብራቱ ከረጋ መስመሩ ደህና ነው፤ የቀረው መግቢያው ነው። ስልክዎን ከሞደሙ ዋይፋይ ጋር ያገናኙና መፈለጊያ ገጹ ላይ ከሞደሙ ሥር የተጻፈውን አድራሻ ይጻፉ፤ ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ነው። የግንኙነቱን ዓይነት «ፒፒፒኦኢ» አድርገው ያስጻፏቸውን ስም፣ የይለፍ ቃልና ቁጥሮች ይሙሉ። እዚህ ላይ ሰው ሁሉ የሚደናገረው የይለፍ ቃሎቹ ሦስት በመሆናቸው ነው። አንዱ የሞደሙን ገጽ የሚከፍተው ነው፤ ከሥሩ ተለጥፏል። ሁለተኛው አሁን የሞሉት የአካውንቱ ነው። ሦስተኛው የዋይፋዩ ነው፤ ለእንግዳ የሚሰጡት እሱን ብቻ ነው። የመጀመሪያውን እንደመጣ አይተዉት፣ ይቀይሩት።

ከዚህ በኋላ የ«ኢንተርኔት» መብራቱ አረንጓዴ ከሆነ ጨርሰዋል። ካልሆነ የሞደሙ የሁኔታ ገጽ ምን እንደሚል ያንብቡ። ማረጋገጫው ውድቅ ተደርጓል የሚል ከሆነ ስሙ ወይም የይለፍ ቃሉ ተሳስቷል፣ አልያም ሒሳብ አልተከፈለም። አንዲት ፊደል ትልቅ በመሆን ፈንታ ትንሽ ብትሆን እንኳ ይመልስዎታል። ከወዲያኛው ወገን መልስ የለም ካለ ግን ሁለቱ ቁጥሮች ትክክል መሆናቸውን ያረጋግጡ፤ ትክክል ከሆኑ ለአገልግሎት ሰጪው ይደውሉና ያነበቡትን ቃል በቃል ይንገሯቸው። እንዲህ አድርጎ የሚናገር ደንበኛ «ሞደሙን አጥፍተው ያብሩት» ተብሎ በቀላሉ አይሸኝም።

የወንድምዎን ራውተር የሚያስገቡት በመጨረሻ ነው። ከሞደሙ ሰፊ ቀዳዳዎች ከአንዱ ወደ ራውተሩ «ዋን» ቀዳዳ የኔትወርክ ገመድ ይዘርጉ። በራውተሩ ገጽ ላይ «አክሰስ ፖይንት» የሚለውን አሠራር ይምረጡ፤ ራውተሩ ዋይፋይ ማሠራጨት ብቻ እንዲሠራ የሚያደርግ ነው። ይህን ካላደረጉ ሁለቱም 192.168.1.1 በሚል አድራሻ እየተጠሩ ሊጋጩ ይችላሉ፤ ያኔ ሁለቱም ደህና ሆነው ኢንተርኔቱ ይጠፋል። ከዚያ የሞደሙን ዋይፋይ ያጥፉት።

የራውተሩ ውድነት ግን የገዙትን ፍጥነት አይጨምርም። ውል የገቡት ለ4 ሜጋቢት ከሆነ በሰከንድ ከግማሽ ሜጋባይት በላይ አያወርድም። የሚጠቅመው በቤቱ ውስጥ ዋይፋዩ ራቅ ብሎ እንዲደርስ ነው። ለዚህም ቢሆን ከብፌው ውስጥ አውጥተው፣ ከላዩ ዳንቴል ሳያለብሱ፣ ከፍ ያለ ቦታ መሀል ቤት ያስቀምጡት። ዳንቴሉ ቤት ያሳምራል፤ ዕቃው ግን ሙቀቱን የሚያወጣው በእነዚያ ትንንሽ ቀዳዳዎች ነው።

ዋይፋዩ ከታየ ራውተሩ ኮረንቲ ማግኘቱ ታውቋል። ሌሎች አንባቢዎች ግን ከአሜሪካ የመጣ ዕቃ ከመሰካታችሁ በፊት ቻርጀሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። «100–240 ቮልት» ካለ የሶኬት መቀየሪያ ብቻ ይበቃዋል። 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ የእኛ አገር 220 ቮልት ያቃጥለዋል። ደግሞ ነጎድጓድ ሲጀምር የኮረንቲውን ገመድ ብቻ ነቅለው የሚቀመጡ አሉ፤ መብረቅ በስልክ ሽቦም ይገባልና ሁለቱንም ይንቀሉ።

ጥያቄ፦ ቤታችን ፋይበር ገብቷል። ሶፋውን ካዛወርን ወዲህ ሣጥኑ ላይ ቀይ መብራት ይርገበገባል፣ ኢንተርኔትም የለም። ሌላም ልጠይቅ፤ መብራት ሲጠፋ ፋይበር ይሠራል ይባላል፣ እውነት ነው?
አንባቢ፣ ከአዳማ

መልስ፦ «ሎስ» የሚለው መብራት ከሆነ ቀይ የሆነው፣ ሣጥኑ ብርሃኑ አልደረሰውም ማለት ነው። ሶፋው ቀጭኗን ገመድ ተጭኗት ወይም አጥፏት ይሆናል። ሶፋውን ያንሱና ገመዷን ሰፋ አድርገው ያዙሯት፤ የመታጠፊያዋ ስፋት ከቡና ሲኒ አፍ አይነስ። ከዚያም ካልተመለሰ ገመዷ ውስጧ ተሰብሮ ሊሆን ይችላል፤ ለአገልግሎት ሰጪው ይደውሉ። ጫፏን ነቅለው ወደ ውስጥ አይመልከቱ። የሚመጣው ብርሃን ለዓይን የማይታይ ቢሆንም ዓይን ሊጎዳ ይችላል። ጫፏን በጣትዎም አይንኩት፤ የጣት ወዝ ብቻውን ብርሃኑን ያደክመዋል።

መብራት ሲጠፋ ስለሚሆነው የሰሙት እውነት ነው፤ ከአገልግሎት ሰጪው ጣቢያ እስከ ቤትዎ ባለው የፋይበር መስመር ላይ ኮረንቲ የሚፈልግ ዕቃ በአብዛኛው የለም። ጣቢያው የራሱ መጠባበቂያ ካለው፣ የሚጎድለው የእርስዎ ሣጥን ኮረንቲ ብቻ ነው። ለራውተር የሚሆኑ ትንንሽ ባለ ባትሪ መጠባበቂያዎች ገበያ ላይ አሉ። ሲገዙ የሣጥኑን ቻርጀር ይዘው ይሂዱ፤ ቮልቱ፣ ብዙ ጊዜ 12 ነው፣ በትክክል መግጠም አለበት። አምፒሩ ግን ቻርጀሩ ላይ ከተጻፈው ቢበልጥ ችግር የለም፣ ቢያንስ ነው የማይሆነው።