ልጁ አላለቅስ ሲል

ባለፈው ሰሞን አንዲት ጀማሪ ዳይሬክተር አመሻሽ ላይ ደወለችልኝ። «ጋሼ፣ ነገ ቀረጻ አለን፤ ልጁ ግን አላለቅስ አለኝ። እርስዎ ቢሆኑ ምን ያደርጉ ነበር?» መልሱን አውቀዋለሁ፤ አድርጌዋለሁና። ከአፌ ግን አልወጣ አለ። «ጠዋት እደውልልሻለሁ» ብዬ ዘጋሁት።

በ1970ዎቹ መጨረሻ ገበያ ውስጥ ስለጠፋ ልጅ አጭር ፊልም እሠራ ነበር። ልጁ ስድስት ዓመቱ ነው፤ እናቱ እዚያው ከምንቀርጽበት አጠገብ ቆሎ ትሸጣለች። የመረጥኩት ሳቁን ወድጄ ነው፤ በዚያች ቀን ያስቸገረኝም ያው ሳቁ ነው። «አልቅስ» ስንለው ይስቃል። ፀሐይዋ እያዘቀዘቀች ነው፣ የቀረን አንድ ጥቅል ፊልም ብቻ ነው፤ ያኔ ፊልም በቁጥር ነበር የሚሰጠን። እናቱን ከግንቡ ጀርባ እንድትቆም አደረግኩና ልጁ አጠገብ ተንበረከክኩ። በጆሮው «እናትህ ትታህ ሄዳለች፤ ከእንግዲህ አትመጣም» አልኩት።

ወዲያው አላለቀሰም። መጀመሪያ ዞሮ የቆሎው ሰፌድ የነበረበትን ቦታ አየ። ባዶ ነው። ከዚያ አገጩ ተንቀጠቀጠ። ጥቅሉ እስኪያልቅ ሦስት ደቂቃ ለማይሞላ ጊዜ ቀረጽን፤ አንዷም ሰከንድ አልባከነችም። ባልደረቦቼ እጄን ጨበጡኝ። እኔም ዕቃ ልሸክፍ ሄድኩ። እናቱ ስትመጣ ልጁ እቅፏ ውስጥ አልገባም፤ የነጠላዋን ጫፍ ይዞ እጁ ላይ ሁለት ዙር ጠመጠመው። በማግስቱም እኔን ባየ ቁጥር እጁ ወደ ነጠላዋ ይሄድ ነበር። ውሸቴን እንደሆነ አንድም ቀን አልነገርኩትም።

የቻርሊ ቻፕሊንን «ዘ ኪድ» ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1921 የወጣ ድምፅ አልባ ፊልም ነው። አንድ ድሃ መስታወት ገጣሚ ተጥሎ ያገኘውን ሕፃን ያሳድጋል። ልጁ አምስት ዓመት ሲሞላው ቀድሞ እየሄደ የሰው መስኮት በድንጋይ ይሰብራል፤ አሳዳጊው መስታወቱን አዝሎ ከኋላ ይደርሳል። እንዲህ ሲያስቃችሁ ቆይቶ ልጁን ማሳደጊያ ሊያስገቡት መኪና ላይ ይጭኑታል። ልጁን ሆኖ የተጫወተው ትንሹ ጃኪ ኩጋን እጁን ዘርግቶ ሲለምን ያየሁ ቀን፣ መብራት ከበራ በኋላም ከወንበሬ መነሳት አቃተኝ።

ቻፕሊን የዚያን ቀረጻ ነገር በሕይወት ታሪኩ ጽፎታል። ጃኪ መጫወት አምሮት ማልቀስ እንቢ አለ። አባቱ እኔ አስለቅሰዋለሁ አለ። ቻፕሊን ቆሞ ለማየት ወኔ አጥቶ ክፍሉ ገባ። አባትየው ያስለቀሰው፣ ካላለቀስክ የእውነት ወደ ድሆች መጠለያ ትላካለህ ብሎ ነው። ያን መጠለያ ቻፕሊን ያውቀዋል፤ ለንደን ውስጥ በሰባት ዓመቱ ከእናቱ ጋር ገብቶበታል። ፊልሙን በጀመረበት ሰሞንም የበኩር ልጁ በተወለደ በሦስተኛ ቀኑ ሞቶበት ነበር። ትዕይንቱ ሲያበቃ ጃኪን አቀፈውና ማንም አይወስድህም አለው። ልጁም አባቴ እየቀለደ እንደሆነ አውቄያለሁ ብሎ አንሾካሾከለት።

ይህን ያነበብኩ ዕለት ራት አልበላሁም።

እናንተ ጀማሪ ፊልም ሠሪዎች፣ ልጅ አታስለቅሱ ልላችሁ ነበር የተነሣሁት። ግን ያ ትዕይንት ያለዚያ ዕንባ ያ ትዕይንት አይሆንም፤ ይህን ክጄ ልጽፍላችሁ አልችልም። እናንተ ፊልም አይቆጠርባችሁም፤ ስልካችሁ ቀኑን ሙሉ ይቀርጻል። ታዲያ ምን ያስቸኩላችኋል? ቲክቶክ ላይ የሚያለቅስ ልጅ ሲያሳዩኝ እኔ የማስበው ስልኩን ስለያዘው እጅ ነው። አይንቀጠቀጥም።

ስለ መብራትና ስለ ድምፅ አልነግራችሁም፣ ከእኔ ይልቅ ታውቃላችሁ። ገንዘቡን ግን ልብ በሉ። ጃኪ በልጅነቱ ሚሊዮኖች አስገብቶ ሲያድግ ባዶ እጁን ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1938 እናቱንና የእንጀራ አባቱን ከስሶ ያገኘው ወደ 126 ሺህ ዶላር ነው። በዓመቱ ካሊፎርኒያ ከልጅ ተዋንያን ገቢ የተወሰነው እንዲቀመጥላቸው የሚል ሕግ አወጣች፤ ዛሬም በእሱ ስም ይጠራል። እኔ ለቆሎ ሻጯ እናት አሥር ብር ሰጠሁ፣ ለልጇ አንድ ፓኮ ብስኩት።

ጠዋት ደወልኩላት። «እናቱን ከሚያያት ቦታ አስቀምጫት። ካላለቀሰ ጀርባውን ቅረጪ» አልኳት። ማታ የቀረጸችውን ላከችልኝ። ልጁ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል፤ ፊቱ አይታይም፤ ጣቶቹ የበሩን መቃን ጭምድድ አድርገው ይዘዋል። መጨረሻው ላይ የእናቱ ድምፅ ገብቷል፦ «ና፣ ጫማህን አድርግ!» ልጁ መቃኑን ለቆ እየሳቀ ወደ እሷ ሮጠ።